በቀደምት የቤት ኮምፒዩተሮች ስለ ተሠሩ የሥዕልና የሙዚቃ ትርኢቶች፤ ለማስተማር ሥራ የሚሰጡት ቁም ነገር

1. መግቢያ

ኮምፒዩተር በትምህርት ቤቶች እንዲገባ ሲታቀድ አስቀድሞ የሚነሣው ጥያቄ የብዛት ጥያቄ ነው። ለስንት ተማሪ ስንት መሣሪያ ይደርሳል? ዋጋው ምን ያህል ነው? የኤሌክትሪክ ኃይሉና ጥገናውስ እንዴት ይሟላል? እነዚህ ሁሉ ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። ይሁን እንጂ ከእነርሱ ጎን ሊነሣ የሚገባው፣ ብዙውን ጊዜ ግን የሚታለፈው ጥያቄ ሌላ ነው። ይኸውም ተማሪው መሣሪያውን ምን ያህል ጠልቆ ሊያውቀው ይችላል? የሚለው ነው።

ይህን ጥያቄ በተጨባጭ ምሳሌ ለመመርመር የሚያስችል አንድ ታሪክ አለ። በ1980ዎቹ ዓመታት በአውሮፓ፣ በተለይም በስዊድን፣ በኖርዌይ፣ በፊንላንድ፣ በዴንማርክ፣ በሆላንድና በምዕራብ ጀርመን የነበሩ ወጣቶች፣ አብዛኞቹም ገና ሃያ ዓመት ያልሞላቸው፣ ለቤት አገልግሎትና ለጨዋታ በተሸጡ አነስተኛ ኮምፒዩተሮች የመሣሪያው ሠሪዎች ራሳቸው ያላሰቡትን የሥዕልና የሙዚቃ ትርኢት አቀረቡ። ይህ ዓይነቱ ሥራ «ዴሞ» ይባላል። ዴሞ ጨዋታ አይደለም፤ ተመልካቹ ምንም አይነካም። አስቀድሞ የተቀረጸ ፊልምም አይደለም። ፕሮግራሙ በሚሠራበት ቅጽበት ኮምፒዩተሩ ራሱ ሥዕሉን እየሣለ፣ ዜማውንም እያሰማ የሚያቀርበው የጥቂት ደቂቃ ትርኢት ነው። ዓላማውም አንድ ነው፤ ይህ ትንሽ መሣሪያ ምን ሊሠራ እንደሚችል በገሃድ ማሳየት።

በዚህ ጽሑፍ በመጀመሪያ መሣሪያዎቹ ምን እንደ ነበሩ፣ ቀጥሎ ሥዕሉና ሙዚቃው በምን ዘዴ እንደ ተሠሩ፣ በመጨረሻም ወጣቶቹ ይህን ዕውቀት እንዴት እንዳገኙና ከዚህም መምህራንና የትምህርት ዕቅድ አውጪዎች ምን ሊወስዱ እንደሚችሉ ለማብራራት እንሞክራለን። የሚጠቀሱት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

2. መሣሪያዎቹ

ለዚህ ሥራ ዋነኛ መነሻ ከሆኑት መሣሪያዎች አንዱ በ1982 በአሜሪካ ለገበያ የቀረበው ኮሞዶር 64 ነው። በመጀመሪያ ዋጋው 595 ዶላር ነበር፤ በኋላ ግን ዋጋው በእጅጉ ስለ ቀነሰ ከ10 ሚሊዮን በላይ ተሽጧል። ስሙ እንደሚያመለክተው በተለምዶ ሜሞሪ የሚባለው የመረጃ ማኅደሩ 64 ኪሎባይት ብቻ ነበር። የማስላት ፍጥነቱም በሴኮንድ አንድ ሚሊዮን ምት ያህል ነው። ዛሬ በኪስ የሚያዝ ስልክ ከዚህ በብዙ ሺህ እጥፍ ይበልጣል። ኮምፒዩተሩ የራሱ መስታወት የለውም፤ በቤት ውስጥ ካለ ተራ ቴሌቪዥን ጋር ይገናኛል።

በእንግሊዝ አገር በዚያው በ1982 ዜድ ኤክስ ስፔክትረም የተባለው ኮምፒዩተር ወጣ። ይህ ከኮሞዶር ያነሰ አቅም ያለው፣ ዋጋው ግን በ125 ፓውንድ የሚጀምር ነበር። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1981 መጨረሻ የብሪታንያ ብሮድካስቲንግ ኮርፖሬሽን ኤከርን ከተባለው ድርጅት ጋር በመተባበር ለሕዝብ ትምህርት የታሰበ ኮምፒዩተር አስወጥቶ ነበር፤ መንግሥትም ትምህርት ቤቶች ሲገዙ የዋጋውን ግማሽ ይከፍል ነበር።

ከእነዚህ ሁሉ የላቀው አሚጋ በ1985 በኒውዮርክ ከተማ ለሕዝብ ቀረበ። አሚጋ 4,096 ቀለማትን ማውጣት፣ በአራት መስመር የተቀዳ ድምፅ ማሰማት የሚችል ሲሆን፣ ሥዕልና ድምፅ የሚያዘጋጁለት የተለዩ ቺፖች ነበሩት።

የእነዚህ መሣሪያዎች አንድ ጠባይ ለጽሑፋችን እጅግ አስፈላጊ ነው። ኮሞዶር 64 ሲበራ ወዲያው ቤዚክ የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ይቀርባል። 38,911 ባይት ክፍት ቦታ እንዳለው በጽሑፍ ያስታውቅና ትእዛዝ ይጠብቃል። በሌላ አነጋገር ኮምፒዩተሩ ለባለቤቱ የሚያቀርበው የመጀመሪያ ነገር የተዘጋጀ አገልግሎት ሳይሆን ባዶ ሰሌዳ ነው። ከማኅደሩ ክፍሎች መካከል ቁጥሩ 53280 በሆነው ላይ ዜሮ ቢጻፍ የሥዕሉ ዙሪያ ጠርዝ ጥቁር፣ አንድ ቢጻፍ ነጭ፣ ሁለት ቢጻፍ ቀይ ይሆናል። አንድ ልጅ መሣሪያውን በከፈተ በአንድ ደቂቃ ውስጥ አንድ ቁጥር ለውጦ ውጤቱን በዐይኑ ሊያይ ይችላል ማለት ነው።

3. ሥዕሉ በምን ዘዴ ተሠራ?

የሥዕሉን ችግር ለመረዳት ቀላል ስሌት ይበቃል። የኮሞዶር 64 ሥዕል በአግድም 320፣ በቁመት 200 ነጥብ አለው። ሁለቱ ሲባዙ 64,000 ነጥብ ይሆናል። መሣሪያው 16 ቀለማት ስላሉት ለእያንዳንዱ ነጥብ የፈለግነውን ቀለም እንስጥ ብንል ለአንድ ነጥብ ግማሽ ባይት ያስፈልጋል። ስለዚህ አንድ ሥዕል ብቻ 32,000 ባይት፣ ይኸውም የማኅደሩን ግማሽ ያህል ይወስዳል። ለፕሮግራሙና ለሙዚቃው የሚተርፈው በጣም ጥቂት ይሆናል።

መሐንዲሶቹ ይህን ችግር ያቃለሉት ሥዕሉን በትናንሽ ካሬዎች በመከፋፈል ነው። እያንዳንዱ ካሬ 8 በ8 ነጥብ ሲሆን፣ በውስጡ ሁለት ቀለም ብቻ ይፈቀዳል። በዚህ አሠራር ነጥቦቹ 8,000 ባይት፣ ቀለማቱ ደግሞ 1,000 ባይት ይወስዳሉ። ከ32,000 ወደ 9,000 ወረደ ማለት ነው። ሠዓሊው ግን የሚከፍለው ዋጋ አለ። በአንድ ካሬ ውስጥ ሦስተኛ ቀለም ማስገባት አይችልም። በመሆኑም የፊትን ጥላ፣ የሰማይን ንጣት ሲሥል የካሬዎቹን ድንበር አስቀድሞ ማወቅና ሥዕሉን በእነርሱ ላይ ማቀድ ነበረበት።

ሁለተኛው ዘዴ ከቴሌቪዥኑ አሠራር የመነጨ ነው። በዚያ ዘመን የነበረው ቴሌቪዥን ሥዕሉን በአንድ ጊዜ አያወጣም። የኤሌክትሮን ጨረር ከላይ ወደ ታች፣ መስመር በመስመር፣ ከግራ ወደ ቀኝ እየሄደ ይሥላል። በአውሮፓ በነበረው ሥርዓት ኮሞዶር 64 በሴኮንድ 50 ጊዜ፣ በየጊዜውም 312 መስመሮችን ያወጣል። ለአንድ መስመር ያለው ጊዜ 63 ምት ነው። ከሁሉ አጭሩ ትእዛዝ 2 ምት ስለሚፈጅ፣ አንድ መስመር ተሥሎ እስኪያልቅ ኮምፒዩተሩ ቢበዛ 31 ትእዛዝ ሊፈጽም ይችላል።

ወጣቶቹ ያስተዋሉት ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። ጨረሩ በየትኛው መስመር ላይ እንዳለ ከታወቀ፣ ቀለሙን በመስመሩ መካከል መለወጥ ይቻላል። ከላይ የተጠቀሰውን የጠርዝ ቀለም በየመስመሩ ብንለውጠው፣ አንድ ቀለም ብቻ የነበረው ጠርዝ በቀስተ ደመና መልክ ይሸነሸናል። እንዲሁም መሣሪያው በአንድ ጊዜ 8 ተንቀሳቃሽ ምስሎችን ብቻ እንዲያሳይ የተሠራ ነው። ነገር ግን ጨረሩ የላይኞቹን ሥሎ ካለፈ በኋላ እነዚያኑ 8 ምስሎች ወደ ታች አውርዶ እንደገና ማሣል ይቻላል። ተመልካቹ 16፣ 24 ወይም ከዚያ በላይ ያያል፤ መሣሪያው ግን የሚያውቀው 8 ብቻ ነው።

ከዚህም የሚበልጠው የጠርዙ መከፈት ነው። በኮሞዶር 64 ሥዕል ዙሪያ ምንም የማይሣልበት ጠርዝ አለ። ሥዕሉን የሚያወጣው ቺፕ በ25 ረድፍ ወይም በ24 ረድፍ ጽሑፍ እንዲሠራ ይታዘዛል። 25 ረድፍ ከሆነ የታችኛው ጠርዝ በ251ኛው መስመር፣ 24 ረድፍ ከሆነ በ247ኛው መስመር ይጀምራል። ፕሮግራም ሠሪው 247ኛው መስመር እስኪያልፍ በ25 ረድፍ ይቆይና 251ኛው ከመድረሱ በፊት ወደ 24 ረድፍ ይለውጠዋል። ቺፑ ጠርዙን የሚጀምርበት መስመር አልፎታል፤ ሌላው መስመር ደግሞ ከእንግዲህ አይመለከተውም። በዚህም ምክንያት ጠርዙ ሳይጀመር ይቀርና ባዶ የነበረው ቦታ ምስል ይታይበታል። ይህ በመምሪያው መጽሐፍ ያልተጻፈ፣ የቺፑን አሠራር ደረጃ በደረጃ በመከታተል ብቻ የተገኘ ዘዴ ነው።

በአሚጋ ላይ ከታዩት ትርኢቶች የመጀመሪያው በሠሪዎቹ በራሳቸው የተዘጋጀ ነበር። በጥር 1984 በላስ ቬጋስ በተደረገው የኤሌክትሮኒክ ዕቃዎች ትርኢት ላይ ዴል ላክና አር ጄ ማይካል የተባሉ ባለሙያዎች፣ ኮምፒዩተሩ ገና ተሠርቶ ሳያልቅ፣ ቀይና ነጭ ካሬ ያለባት ትልቅ ኳስ እየተሽከረከረች ስትነጥር አሳዩ። ተመልካቹ ኮምፒዩተሩ ኳሷን በየቅጽበቱ እንደ አዲስ የሚሥላት መስሎት ይደነቃል። እውነቱ ግን ኳሷ የተሣለችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። መሽከርከሯ የቀለም ሠንጠረዡን በማዞር፣ ማለትም ቀይ የነበረውን ነጭ፣ ነጭ የነበረውን ቀይ በደረጃ በማድረግ የሚገኝ ነው። መንጠሯም ሥዕሉ ያለበትን ንብርብር በማንሸራተት የሚገኝ ነው። ሁለቱም ሥራዎች ለመሣሪያው እጅግ ቀላል ናቸው። ከባድ የሚመስለውን ሥራ ወደ ቀላል ሥራ መለወጥ የዴሞ ጥበብ ዋና መሠረት ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

4. ሙዚቃው በምን ዘዴ ተሠራ?

የኮሞዶር 64 የድምፅ ቺፕ ሲድ ይባላል። የነደፈው ቦብ ያነስ የተባለ መሐንዲስ ነው። ቺፑ በአንድ ጊዜ ሦስት ድምፅ ብቻ ያወጣል። ለእያንዳንዱ ድምፅ ከአራት የሞገድ ቅርጾች መምረጥ ይቻላል። እነርሱም ባለ ሦስት ማዕዘን፣ የመጋዝ ጥርስ መሰል፣ ካሬ መሰልና ሹክሹክታ የሚመስለው ቅርጽ ናቸው። የድምፁን አነሣሥ፣ አወራረድ፣ ጸንቶ መቆየትና አጠፋፍ በየተራ መወሰንም ይቻላል።

ችግሩ የሚታየው ኅብረ ድምፅ ሲፈለግ ነው። ዶ፣ ሚና ሶል በአንድነት እንዲሰሙ ቢፈለግ ሦስቱም ድምፆች ያልቃሉ። ለዋናው ዜማ፣ ለወፍራሙ ድምፅና ለከበሮው የሚሆን አይተርፍም። ሙዚቀኞቹ የተጠቀሙበት መላ ሦስቱን ኖታዎች በአንድ ድምፅ ላይ እየተከታተሉ፣ በሴኮንድ እስከ 50 ጊዜ ማፈራረቅ ነበር። ጆሮ ይህን ፍጥነት ለይቶ መከተል ስለማይችል ተቀላቅለው እንደ ኅብረ ድምፅ ይሰሙታል። የዚያ ዘመን የኮምፒዩተር ሙዚቃ የሚታወቅበት የሚርገበገብ ድምፅ የመጣው ከዚህ ነው። ከበሮውም እንዲሁ ነው። አንዱ ድምፅ ለጥቂት ቅጽበት የሹክሹክታ ቅርጽ ይይዝና ወዲያው ወደ ሌላ ቅርጽ ይለወጣል።

በዚህ ዘዴ ስማቸው ከታወቁት መካከል ብሪታንያውያኑ ሮብ ሃባርድና ማርቲን ጋልዌይ ይገኙበታል። እነዚህ ሰዎች ለጨዋታዎች ሙዚቃ የሚደርሱ ነበሩ፤ ነገር ግን ሙዚቃቸው ከጨዋታው ተለይቶ ይደመጥ ጀመር። የስፔክትረም ባለቤቶች ችግር ደግሞ ከዚህ የባሰ ነበር። የመጀመሪያው ስፔክትረም የድምፅ ቺፕ የለውም፤ ያለው ድምፅ ማጉያው እንዲከፈትና እንዲዘጋ የሚታዘዝበት አንድ መስመር ብቻ ነው። ቲም ፎሊን የተባለው ሌላ እንግሊዛዊ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለ መክፈቻና መዝጊያውን በጥንቃቄ በመቁጠር ከዚህ አንድ መስመር ብዙ ድምፅ ያለው ሙዚቃ አወጣ።

በ1987 ጀርመናዊው ካርስተን ኦባርስኪ ለአሚጋ የሙዚቃ መድረሻ ፕሮግራም አወጣ። አሠራሩ ሠንጠረዥን ይመስላል። አራት ዐምዶችና 64 ረድፎች ያሉት ገጽ ይቀርባል፤ በየረድፉ የትኛው መሣሪያ የትኛውን ኖታ እንደሚጫወት ይጻፋል፤ ኮምፒዩተሩም ከላይ ወደ ታች እያነበበ ያሰማል። ሌሎች ፕሮግራም ሠሪዎች ይህንኑ እያሻሻሉ ስላሰራጩት፣ የሙዚቃ ትምህርት ያልተማረ ወጣት ሁሉ ዜማ ለመድረስ መንገድ አገኘ። ከዚህም በላይ የተደረሰው ሙዚቃ ሲገለጥ ሠንጠረዡ በሙሉ ስለሚታይ፣ አንዱ ሙዚቀኛ የሌላውን አሠራር ረድፍ በረድፍ ሊያጠና ይችል ነበር።

5. የእንቅስቃሴው አጀማመርና ዕድገት

የዚህን ጥበብ አጀማመር መሸሸግ ተገቢ አይሆንም። የጨዋታ ፕሮግራሞች እንዳይገለበጡ የሚከላከል መቆለፊያ ይደረግባቸው ነበር። አንዳንድ ወጣቶች መቆለፊያውን እየሰበሩ ጨዋታውን ያሰራጩ ነበር፤ ይህም የሠሪዎቹን መብት የሚነካ ሕገ ወጥ ድርጊት ነው። ጨዋታውን የሰበሩት ቡድኖች ስማቸውን ለማሳወቅ በመጀመሪያው ላይ አጭር መግቢያ ያስገቡ ጀመር። መግቢያው በሚንቀሳቀስ ጽሑፍ፣ በቀለምና በሙዚቃ የተዋበ ሲሆን፣ ለሌሎች ቡድኖች ሰላምታ ያቀርባል። ከጊዜ በኋላ ግን ውድድሩ በመግቢያው ውበት ላይ ሆነ። ብዙዎቹ መስበሩን ትተው መግቢያውን ብቻውን፣ ሰፋ አድርገው መሥራት ያዙ። ዴሞ ራሱን የቻለ ጥበብ የሆነው በዚህ መንገድ ነው። ለመምህር ይህ ሂደት ጠቃሚ ምልክት አለው። ወጣቶቹን ይስብ የነበረው የተሰረቀው ዕቃ ሳይሆን ችሎታን በእኩዮች ፊት የማስመስከር ፍላጎት ነበር። ይህ ፍላጎት የተሻለ መድረክ ሲያገኝ የቀደመውን መንገድ ብዙዎቹ ለቀቁት።

መድረኩም እየሰፋ ሄደ። በመጀመሪያ ወጣቶቹ ዲስኬት በፖስታ ይላላኩ ነበር። በኋላ በአንድ አዳራሽ ተሰብስበው ሥራዎቻቸውን በማሳየት መወዳደር ጀመሩ። በ1992 በፊንላንድ አሴምብሊ፣ በኖርዌይ ደግሞ ዘ ጋዘሪንግ የተባሉት ትልልቅ ስብሰባዎች ተመሠረቱ። በዚያው ዓመት በዴንማርክ በተደረገ ስብሰባ ስፔስቦልስ የተባለው የኖርዌይ ቡድን የሰው ጥላ በሙዚቃ ሲጨፍር በሚያሳይ የአሚጋ ትርኢት አሸነፈ። በ1993 በአሴምብሊ ያሸነፈው የፊንላንዱ ፊውቸር ክሩ ቡድን የሠራው ሰከንድ ሪያሊቲ ዛሬም በዘርፉ ስሙ ይነሣል፤ የፕሮግራሙ ጽሑፍ በሙሉ በ2013 ለሕዝብ ተለቅቋል።

ከእነዚህ ወጣቶች አንዳንዶቹ ዕውቀቱን መተዳደሪያ አድርገውታል። ዘ ሳይለንትስ ከተባለው የአሚጋ ቡድን የወጡ ወጣቶች በ1992 በስዊድን ዳይስ የተባለውን፣ ከፊውቸር ክሩ የወጡት ደግሞ በ1995 በፊንላንድ ሬመዲ የተባለውን የጨዋታ ፕሮግራም ድርጅት መሥርተዋል። ሁለቱም ዓለም አቀፍ ዝና አግኝተዋል።

የኮሞዶር ድርጅት በ1994 ከስሮ ቢዘጋም ጥበቡ ግን አልቆመም። ማኅደር ከበዛ በኋላ ወጣቶቹ ጥበቱን በራሳቸው ፈቃድ መረጡት። የውድድሩ ደንብ ፕሮግራሙ ከ64 ኪሎባይት ወይም ከ4 ኪሎባይት እንዳይበልጥ ይደነግጋል። በ2009 በጀርመን የቀረበው ኤሌቬትድ የተባለ ዴሞ ተራራዎችን፣ በረዶንና ሐይቅን ከነሙዚቃው ያሳያል፤ መጠኑም ከ4,096 ባይት አይበልጥም። ለንጽጽር ያህል፣ ዛሬ በኮምፒዩተር በሚሠራበት አጻጻፍ አንድ የግእዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚወስድ በ4,096 ባይት የሚጻፈው 1,365 ፊደል ብቻ ነው። ይህም የዚህ ጽሑፍ ትንሽ ክፍል ማለት ነው። ፊንላንድ በ2020፣ ጀርመንም በ2021 ይህን ጥበብ በብሔራዊ የማይዳሰስ ቅርስ መዝገባቸው ውስጥ አስገብተውታል።

6. ወጣቶቹ እንዴት ተማሩ?

ይህ ሁሉ ዕውቀት በመደበኛ ሥርዓተ ትምህርት የተሰጠ አልነበረም። ነገር ግን ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። ምክንያቶቹን በአራት ከፍለን ማየት እንችላለን።

አንደኛ፣ መሣሪያው ክፍት ነበር። በ1982 የታተመው የኮሞዶር 64 የፕሮግራም ሠሪዎች መምሪያ የማኅደሩን ክፍሎች በቁጥር ከመዘርዘሩም በላይ የኤሌክትሪክ መስመሩን ንድፍ ሳይቀር ይዟል። የሚሸሸግ ነገር አልነበረም።

ሁለተኛ፣ መሣሪያው በአንድ ሰው አእምሮ ሊጨበጥ የሚችል ነበር። 64 ኪሎባይትን ከዳር እስከ ዳር ማወቅ ይቻላል። ተማሪው በጥናቱ መጨረሻ ላይ «ከዚህ በታች ምሥጢር የለም» ለማለት የሚችልበት ደረጃ ነበረው።

ሦስተኛ፣ ውጤቱ ወዲያው ይታያል፣ ይሰማልም። ስሌቱ ከተሳሳተ ሥዕሉ ይንቀጠቀጣል፤ ከተስተካከለ ይረጋል። አራሚ መምህር ባይኖር እንኳ መሣሪያው ራሱ ያርማል።

አራተኛ፣ ሥራውን የሚያይና የሚፈርድ እኩያ ነበር። በቡድኑ ውስጥ አንዱ ፕሮግራም ይጽፋል፣ ሌላው ይሥላል፣ ሌላው ዜማ ይደርሳል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፣ አንድ ሰው ብቻውን ሊሠራው የማይችለውን በአንድነት ሠርተውታል።

በእነዚህ ላይ ግን አንድ ከባድ ማሳሰቢያ መጨመር ይገባል። ከዚህ ታሪክ «ችግር ብልሃትን ያስተምራል፤ ስለዚህ ጥቂት መሣሪያ ይበቃል» የሚል መደምደሚያ ማውጣት ትልቅ ስሕተት ነው። የእነዚያ ወጣቶች ጥበት የማኅደር ጥበት ነበር እንጂ የዕድል ጥበት አልነበረም። እያንዳንዱ በቤቱ ኮምፒዩተር ነበረው፤ ከትምህርት ቤት መልስ፣ ሌሊቱንም ሁሉ፣ ከመሣሪያው ጋር ለመቆየት የሚከለክለው አልነበረም። ስልሳ ተማሪ በሳምንት አንድ ጊዜ በአንድ ኮምፒዩተር ዙሪያ ሲቆም ያለው ጥበት ከዚህ ፈጽሞ የተለየ ነው። የመጀመሪያው ጥበት ያስተምራል፤ ሁለተኛው ያግዳል። ዕቅድ አውጪ እነዚህን ሁለቱን ለይቶ ማየት ይኖርበታል።

ሌላው መታየት ያለበት ጉድለት የተሳታፊዎቹ ማንነት ነው። በእንቅስቃሴው ውስጥ የነበሩት በአብዛኛው ወንዶች ልጆች፣ ወላጆቻቸውም ኮምፒዩተር ለመግዛት የቻሉ ነበሩ። ልጃገረዶች በጣም ጥቂት ነበሩ። ዕውቀቱ በቤትና በጓደኝነት ብቻ ሲተላለፍ ውጤቱ ይህ ይሆናል። ትምህርት ቤት አስፈላጊ የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው፤ ቤት ለጥቂቶች የሰጠውን ለሁሉም ማዳረስ የሚችለው እርሱ ነውና።

7. በክፍል ውስጥና በዕቅድ ላይ

ከላይ የተገለጹት መሠረተ ሐሳቦች ኮምፒዩተር በሌለበት ክፍል እንኳ ሊቀርቡ የሚችሉ ናቸው። ለምሳሌ የሒሳብ መምህር ባለ ካሬ ወረቀት ይዞ 8 በ8 በሆነ ቦታ ላይ «ተ» የሚለውን ፊደል ማሣል ይችላል። የዐምዶቹ ዋጋ ከግራ ወደ ቀኝ 128፣ 64፣ 32፣ 16፣ 8፣ 4፣ 2፣ 1 ነው። በየረድፉ የጠቆሩት ካሬዎች ዋጋ ሲደመር ፊደሉ ወደ ስምንት ቁጥሮች ይለወጣል፤ እነርሱም 24፣ 24፣ 126፣ 24፣ 24፣ 24፣ 24 እና 0 ናቸው። አንዱ ተማሪ ቁጥሮቹን ብቻ ያነባል፤ ፊደሉን ያላየው ሌላው ተማሪ በወረቀቱ ላይ ያጠቁራል። ፊደሉ ሲወጣ ኮምፒዩተር ጽሑፍን እንዴት እንደሚይዝ ተማሪዎቹ በእጃቸው ሠርተው ተረድተውታል ማለት ነው።

ከዚያም ጥያቄው ሊሰፋ ይችላል። ኮሞዶር 64 በአንድ ጊዜ የሚይዘው 256 የፊደል ቅርጾችን ሲሆን፣ ለዚህም 2,048 ባይት ይፈልጋል። 33ቱ የአማርኛ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ። 20ዎቹ የግእዝ ቁጥሮች ሲጨመሩ 251 ይሆናል። የሚቀሩት 5 ቦታዎች ብቻ ናቸው። ሥርዓተ ነጥቡ፣ እንደ «ሏ» እና «ቷ» ያሉት ፊደላት የት ይግቡ? የትኛው ይቅር? ወይስ አንዱን ቅርጽ ከሁለት ክፍል አጋጥሞ መሥራት ይቻላል? ይህ አንድ ብቻ መልስ የሌለው፣ ተማሪዎች ተከራክረው የሚወስኑት ጥያቄ ነው።

የሙዚቃ መምህርም በክራር ወይም በሌላ መሣሪያ ሦስት ኖታዎችን በመጀመሪያ በዝግታ፣ ቀጥሎም እየፈጠነ በማፈራረቅ፣ የተለያዩ ድምፆች እንዴት ወደ አንድ ኅብር እንደሚጠጉ ሊያስደምጥ ይችላል። የሰው እጅ የኮምፒዩተሩን ፍጥነት ባይደርስበትም ተማሪው አዝማሚያውን ይሰማዋል።

ኮምፒዩተር ባለበት ትምህርት ቤት ደግሞ ደንብ ያለው ውድድር ማዘጋጀት ይጠቅማል። ለምሳሌ ከሃያ መስመር በማይበልጥ ፕሮግራም የሚንቀሳቀስ ሥዕል መሥራት፣ በሁለት ቀለም ብቻ የአካባቢን መልክ ማሳየት ይቻላል። ቡድኖቹ ልጃገረዶችና ወንዶች የተቀላቀሉባቸው፣ ሥዕል የሚወዱትንና ሒሳብ የሚወዱትን ያገናኙ ቢሆኑ ይመረጣል። ሥራዎቹም በትምህርት ዘመኑ መጨረሻ በወላጆችና በተማሪዎች ፊት መታየት ይኖርባቸዋል። ከታየም በኋላ አሠራሩ ለሁሉ ይገለጥ፤ ዘዴውን ማካፈል የውድድሩ አንድ ክፍል ይሁን።

ለዕቅድ አውጪዎች አንድ የቅርብ ጊዜ ምሳሌ እንጥቀስ። በእንግሊዝ አገር የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ መምህራን በኮምፒዩተር ሳይንስ ለመማር የሚያመለክቱት ወጣቶች ቁጥርና ዝግጅት እየቀነሰ መሄዱን አስተዋሉ። ከምክንያቶቹ አንዱ ሲከፈቱ ለፕሮግራም ዝግጁ የነበሩት የ1980ዎቹ የቤት ኮምፒዩተሮች በተዘጉ መጫወቻዎችና ለመገልገያ ብቻ በተሠሩ መሣሪያዎች መተካታቸው እንደ ሆነ ኤበን አፕተንና ባልደረቦቹ ተገነዘቡ። በ2012 ራስቤሪ ፓይ የተባለውን፣ ዋጋው ከ25 እስከ 35 ዶላር የሆነ አነስተኛ ኮምፒዩተር ያወጡት ይህን ጉድለት ለመሙላት ነበር። መሣሪያ ሲራቀቅ ትምህርቱ አብሮ ይራቀቃል የሚለው ግምት ሁልጊዜ እንደማይሠራ ይህ በግልጽ ያሳያል።

ስለዚህ መሣሪያ በሚመረጥበት ጊዜ ከዋጋውና ከብዛቱ ጋር የሚከተሉት ጥያቄዎች ቢጠየቁ መልካም ነው። ተማሪው በመሣሪያው ላይ ፕሮግራም ለመጻፍ ይችላል? የአሠራር መግለጫው ለመምህሩ በሚገባው ቋንቋ አብሮ ይመጣል? ከመደበኛው ክፍለ ጊዜ ውጪ ቤተ ሙከራው የሚከፈትበት ሰዓትና ኃላፊ ተመድቧል? መምህሩስ በሥልጠናው ወቅት መሣሪያውን መጠቀም ብቻ ሳይሆን ከፍቶ መመርመርን ተምሯል?

8. ማጠቃለያ

የቀደምት የቤት ኮምፒዩተሮች ትርኢቶች በዛሬ ዐይን ሲታዩ ቀለማቸው ጥቂት፣ ድምፃቸውም ቀጭን ሊመስል ይችላል። ቁም ነገሩ ግን ከጀርባቸው ያለው ዕውቀት ነው። እነዚያ ወጣቶች መሣሪያውን የተማሩት እንደ ተገልጋይ ሳይሆን እንደ ሠሪ ነው። ይህን ያስቻላቸውም ክፍት መሣሪያ፣ በቂ ጊዜ፣ የጠራ መምሪያና ሥራቸውን የሚያይላቸው ሰው በአንድነት መገኘታቸው ነው። ከአራቱ መካከል በገንዘብ የሚገዛው አንደኛው ብቻ ነው። የቀሩትን ሦስቱን ማዘጋጀት የመምህሩ፣ የርእሰ መምህሩና የዕቅድ አውጪው ሥራ ነው፤ መሣሪያው ከመግባቱ በፊት ሊጀመርም ይገባዋል።